ሥራዋን ለቃ ሐይቅ ዳር የሄደችው ልጅ

መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው አልረግምም። እጁን ይባርክለት። ግን አንድ ነገር ልለምነው፦ በመጀመሪያው ምዕራፍ የቀበረውን ሰው በሁለተኛው ምዕራፍ ጢሙን አያስላጨው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። የተቀበረ ለእኛ ተቀብሯል፤ ሠልስቱ ወጥቶለታል፤ አርባው ተቆጥሮለታል። ተመልሶ መስተዋት ፊት ሲቆም ድንጋጤውን የምንችልበት ጉልበት የለንም።

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ልጄ አስካለ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት። አባቷ የተቀበረ ዕለት አላለቀሰችም። ውሃ ቀዳች፣ እንግዳ አስተናገደች፣ ወንበር ደረደረች፤ ሠልስቱ እንደወጣ በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው በስልክ ነው። ጊዜው ሞባይል እኛ አገር፣ መንዝ መሐል ሜዳ የገባ ሰሞን ነበር፤ ስልኩም የሚሠራው ከቤቴ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው ሲቆሙ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ነፋሱ ነጠላዬን እየገፈፈኝ እንዲህ እንነጋገራለን፦

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

«በይ ደህና ሁኚ።»

ይኸው ነው። እኔ ቃል አላበዛም፤ እሷም በእኔ ወጣች። ነገር ግን ሐዘን ሆድ ውስጥ ሲቀር ሰውን እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ልጄ ያንን ሐዘን የት እንዳስቀመጠችው ግን አላውቅም። ለሙት ዓመቱ ትመጣ እንደሆነ መጠየቅ እንኳ ፈራሁ። «አልመጣም» ካለችኝ፣ ከዚያ በኋላ «ደህና ነኝ» ብትለኝ እንዴት አድርጌ አምናታለሁ?

አንድ ቀን እዚያው ጉብታ ላይ «እማዬ፣ መጽሐፍ ልኬልሻለሁ» አለችኝ። የምን መጽሐፍ እንደሆነ ሳልጠይቅ መስመሩ ተቋረጠ። በማግስቱ የአውቶቡሱ ረዳት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ሰጠኝ። ፈታሁት። ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ ላይ ፀጉሯን የፈታች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ብርድ እንዳይመታት ብዬ በሻሽ ሸፈንኳት።

ማንበብ እችላለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ግን ዳዊትና ድርሳን ነው። ዳዊት ደግሞ ሥርዓት አለው፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ ተከፍሏል። እኔም ልብ ወለዱን እንደዚያው ለየዕለቱ ከፋፈልኩት። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ በስመ አብ ብዬ እጀምራለሁ። የዕለቱ ድርሻ ሲያልቅ «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ብዬ፣ ተሳልሜ፣ በሻሹ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ወደፊት ገልጦ ማየት የለም። የማክሰኞን ሰኞ የሚያነብ ሰው፣ ጾም ሳይፈታ ዶሮ የሚያርድ ሰው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣመኝ። ሜሮን የምትባል የከተማ ልጅ ናት። አባቷ ሞተ። አላለቀሰችም። እንግዳ አስተናገደች። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁና ግድግዳውን አየሁ። ማን ነው ቤታችን መጥቶ ያየን? ከእናቷ ጋርም አትነጋገርም፤ እናትየዋ በር ላይ ትቆማለች፣ ሜሮን መስኮት ላይ ትቆማለች፤ በመካከላቸው ሻይ ይቀዘቅዛል። ሽሮዬ ሁለት ጊዜ አረረ። በጸሎቴ መካከል የልጄን ስም ጠርቼ «ሜሮንንም አስባት» ማለት ጀመርኩ። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ጸሎት ይደርሰው እንደሆነ አላውቅም፤ ከደረሰው ግን ከእኔ ብዙ ደርሶታል።

ከዚያ የሞተው አባት ጢሙን ተላጨ።

መጀመሪያ አልፌ ሄድኩ፤ ሌላ ሰው መስሎኝ። እሱ ነው። ሻይ ይጠጣል። ሜሮንን «የት አመሸሽ?» ይላታል። ተመልሼ የቀብሩን ገጽ አነበብኩ፤ ተቀብሯል። ወደፊት ሄድኩ፤ ይጠጣል። ያን ዕለት ቡናዋ እንደተደፋባት ሴት ስቅበዘበዝ ዋልኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን መምሬ ጥላሁንን ቀረብ አልኳቸው።

«መምሬ፣ የተቀበረ ሰው ሻይ ሲጠጣ አነበብኩ።»

«ገድል ነው?»

«አይደለም። አስካለ የላከችልኝ ልብ ወለድ ነው።»

«በማን ጸሎት ተነሣ?»

«ጸሎት የለበትም። ዝም ብሎ ተነሣ።»

የመምሬ ፊት ጨለም አለ። «ያለ ጸሎት የተነሣ ሙት ዝም ተብሎ አይታለፍም። አምጪው፤ ልመርምረው» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። አንባቢዎቼ፣ ለንስሐ አባት የሰጡትን መጽሐፍ መልሱልኝ እንደማይባል ያወቅኩት ከሰጠሁ በኋላ ነው። አንድ ሳምንት ዝም አሉ። «መምሬ፣ መጽሐፉ?» ስላቸው «ገና ግምገማ ላይ ነው» አሉኝ። ዘመኑ የግምገማ ነበር፤ አስተማሪው ይገመገማል፣ የጤና ሠራተኛው ይገመገማል፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ገምግሞ ሲጨርስ እሱም ይገመገማል። መጽሐፉም ተራው ደርሶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ባለቤታቸው ግን ሌላ ወሬ ነገሩኝ፦ መምሬ አጥር ሥር ተቀምጠው ሲገመግሙ በሬዎቻቸው የጎረቤት ገብስ ውስጥ ገብተው ካሣ ተጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን ከመምሬ አፍ መስማት ጀመርኩ። ሙቱን በተመለከተም አረጋጉኝ። «አልተነሣም። ጸሐፊው ወደ ኋላ ሄዶ ነው። እኛም በተዝካር ቀን ሟቹ እንዲህ ነበር እንዲያ ነበር እንል የለ?» አሉኝ። ለምን ሳያስጠነቅቅ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ግን እሳቸውም አልገባቸውም። እንደ ሊቅ ሰው ትርጓሜ ይጨምሩበት ነበር። «ሐይቁ ሐይቅ ነው። አንድም፣ ያላለቀሰችው እንባ ነው። አንድም፣ የአባቷ ዝምታ ነው፤ ዳር ዳሩን ትዞረዋለች እንጂ አትገባበትም» ይላሉ። እኔ የትኛው ሐይቅ እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ እዚያ ምዕራፍ ሳልደርስ ነው የተወሰደብኝ።

አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስወጣ ጠሩኝ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ መርዶ እንደያዘ ሰው አቀርቅረዋል።

«ልጄ፣ ልጅቱ ሥራዋን ለቀቀች።»

«ውይ! ምን ሆና?»

«ራሴን ልፈልግ ብላ። ሐይቅ ዳር ሄደች።»

«ብቻዋን?»

«ፎቶ አንሺ አለ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገና አልደረስኩበትም። ግን ዓይኑ አላማረኝም።»

«ለእናቷስ ነገረቻት?»

«ምን ትነግራታለች! ደህና ነኝ ነው የምትላት።»

እንባዬ መጣ። በግ ከጓሳው ሣር መካከል ቢጠፋ ሰው ተጠራርቶ ይፈልገዋል፤ ራሱ የጠፋበትን ሰው ማን፣ ምን ብሎ ይጣራለታል? እያሰብኩ ወደ ቤቴ ወረድኩ። ጎረቤቴ ዘነቡ ከኋላችን የጫማዋን ማሰሪያ ስታስር እንደነበር ያየሁ ቢሆንም ልብ አላልኩም። የዘነቡ ጫማ ማሰሪያ እንደሌለው ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ሱፍ የሚሸጡት ሴቶች ሲያዩኝ ዝም አሉ። አንዷ ጨው ስገዛ «አይዞሽ» አለችኝ። ጨው ለመግዛት አይዞሽ አይባልም፤ ግን አመስግኜ ተቀበልኩ፤ አይዞሽ የማይጠቅመው ሰው የለም። ቤቴ ስደርስ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሽፈራው በር ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ እንዴት ከእኔ ትደብቂያለሽ?»

«ምኑን?»

«አገር ሁሉ ሰምቶ እኔ አጎቷ መጨረሻ ልስማ? አስካለ ሥራዋን ለቃለች።»

ጨዉን መሬት አስቀመጥኩት። «የት ሄደች?» አልኩት።

«ሐይቅ ዳር።»

«ከማን ጋር?»

«ከፎቶ አንሺ ጋር ነው አሉ።»

እዚህ ላይ ጭንቅላት ያለው ሰው ምን ይላል? «ይህ እኮ የመጽሐፉ ታሪክ ነው» ይላል። ስቆ ይቀመጣል። እኔስ? እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ «ለካ!» አልኩ። ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ።

በእኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። ሰው ሲሞትበት «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ ከዚያ «ጠንቶበታል» ይባላል፤ ዘመድ አንድ በአንድ እየመጣ በር ላይ ይቆማል፤ ሰውየው በራሱ ልብ ሲደርስበት ብቻ ይለቀሳል። ልጄ ጨዋ ልጅ ናት፤ ሥርዓት ታውቃለች። ሥራዋን መልቀቋን በስልክ ልትነግረኝ ስላልፈለገች መጽሐፉን መርዶ ነጋሪ አድርጋ አስቀድማ ላከችው! ያላለቀሰች ልጅ ልካ አሳየችኝ፤ በር ላይ የምትቆም እናት ልካ አሳየችኝ፤ ቀስ በቀስ ልቤን አዘጋጀችው። እኔ ደግሞ አልገባኝም፤ ሽሮ ሳሳርር ከረምኩ።

ጉብታው ላይ ሮጥኩ። ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ማግኘት እንደማልችል በትሕትና ነገረችኝ። ሴትዮዋም የምታውቅ መሰለኝ። መምሬን ልጠይቅ ብል ለዝክር ከጓሳ ማዶ ሄደዋል፤ መጽሐፉንም ይዘውት። ሰኞ ማለዳ ነጠላዬን ተከናንቤ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ቃል አላበዛም ብያለሁ። ጭንቀት ግን አያስችልም። አጠገቤ ለተቀመጠች እናት ጥቂት ነገርኳት። እሷ ከፊቷ ላለው ነገረችው። ጣርማ በር ሳንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ጉዳዩ ውስጥ ገባ።

«ፎቶ አንሺ መጥፎ ሙያ አይደለም፤ የእኔ አማች ፎቶ አንሺ ነው» አለ አንዱ።

«ሐይቅ ዳር የሄደ መች ይመለሳል!» አለች ሌላዋ።

«ሐይቅ ዳር እኮ ሞቃት ነው፤ ወደዚህ ብርድ ምን ይመልሳት?» አለ ከኋላ።

ረዳቱ «እማማ፣ ራሷን ካገኘች ትመለሳለች፤ ዋናው ማግኘቱ ነው» አለኝ። አምላክ ይባርከው፣ እስከ ጣርማ በር ድረስ ተጽናናሁ።

ከወንበሯ ዞር ብላ የምትሰማ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ግን ግንባሯን ቋጠረች። «እናቴ፣ ይሄ እኮ የመጽሐፍ ታሪክ ነው። እኔም አንብቤዋለሁ። ልጅቷ ሜሮን ትባላለች።»

ደነገጥኩ። «የልጄ ነገር በመጽሐፍ ወጥቷል?»

«የእርስዎ ልጅ አይደለችም፤ የፈጠራ ናት።»

«አባቷ አልሞተም?»

«ሞቷል።»

«አላለቀሰችም አይደል?»

«አላለቀሰችም…»

«ታዲያ የእኔ አይደለችም ትይኛለሽ?»

«ስም ቀይረው ይሆናል፤ ይቀይራሉ» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ተስማማ። ሠራተኛዋ ተስፋ ቆርጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ግን ያዝኳት።

«የኔ ልጅ፣ መጨረሻውን ካነበብሽ፣ መጨረሻዋ ምንድን ነው?»

«አልነግርዎትም። ከነገርኩዎት ይበላሻል።»

«ምኑ ነው የሚበላሸው? እኔ ተበላሽቼ የለም ወይ!»

አየችኝ። አንጀቷን ሳልበላው አልቀረሁም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አትሞትም» አለችኝ። ተመስገን አልኩ። አውቶቡሱም ተመስገን አለ። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም።

ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ጥበቃው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከመንዝ፣ በሥራ ቀን፣ ነጠላዋን አጥብቃ የመጣች ሴት። ቆቡን አወለቀ።

«ማን ሞተ፣ እናቴ?»

«ማንም አልሞተም። አስካለ የምትባል አስተማሪ እዚህ ነበረች ወይ?»

«ነበረች» ማለት አልነበረብኝም፤ «አለች» ማለት ነበረብኝ። ጥበቃው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ማንም አልሞተም የሚለውማ የመርዶ መክፈቻ መሆኑን እሱም ያውቃል። «ይቀመጡ» ብሎኝ ወደ ውስጥ ሮጠ። ጥቂት ቆይቶ አስተማሪዎች አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። አንዳቸውም አላናገሩኝም፤ እጃቸውን አጣምረው በረንዳው ላይ ተሰለፉ። ወንበር የሚያመጣ መጣ። ውሃ የሚያመጣ መጣ። «ልጄ የለችም፤ ሊነግሩኝ ነው» አልኩ በልቤ። እነሱ ልጄን ሊያረዱ ተሰልፈዋል፤ እኔ ግን እኔን ሊያረዱ የተሰለፉ መስሎኛል።

ከዚያ አስካለ ከአንድ ክፍል ወጣች። እጇ በጠመኔ ነጭ ሆኗል። በረንዳውን አየች፤ ወንበሩን አየች፤ እኔን አየች።

«እማዬ! ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«አትደብቂኝ! ሽፈራው ነው?»

«ማንም አልሞተም እኮ ነው የምልሽ!»

«አባዬ ሲሞትም እንዲሁ ነው ያላችሁኝ!» አለችና ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። መሬት ላይ ወደቀች። «አባዬ!» አለች። «አባዬ! አባዬ!»

ሽፈራውን ረሳችው። አስተማሪዎቹ ከበቧት፤ አብረዋት አለቀሱ። ጥበቃው አለቀሰ። እኔም ከሥሯ ተቀምጬ፣ ሥራ ያልለቀቀች ልጄን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ማን እንደሞተ ሳላውቅ አለቀስኩ። ከዚያ ገባኝ። ባለቤቴ ነው የሞተው። ዓመት ሊሞላው ነው።

እንባው ሲያባራ ምክትል ርዕሰ መምህሩ «እናት፣ አሁን ይንገሩን፣ ማን ነው?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። ለአራተኛ ጊዜ መናገሬ ነው፤ አሁን አመኑኝ። ያፈርኩት ማፈር ለጠላቴም አይስጠው። እሳቸው ግን ደግ ሰው ናቸው፤ «ተመስገን ነው እንጂ ይህ አያሳፍርም» ብለው ለአስካለ የቀረውን ቀን ፈቀዱላት።

ኪራይ ቤቷ ሄድን። ሻይ አፈላች። ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን እንደታጠበ ብርሌ ሆኗል። ሁሉን ነገርኳት፤ ዘነቡን፣ ፎቶ አንሺውን፣ አውቶቡሱን። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ጠየቅኳት።

«መጽሐፉን ለምን ላክሽልኝ ታዲያ?»

«እኔ አላነበብኩትም፣ እማዬ።»

«አላነበብሽውም?»

«ለመጽሐፍ ሻጩ 'ባሏ ለሞተባት እናት የሚሆን ስጠኝ' አልኩት። ይኼን ሰጠኝ። ደህና ነሽ ደህና ነኝ ስንባባል ሰለቸኝ። ሌላ የምናወራው ይኑረን ብዬ ነው።»

አምላኬን አመሰገንኩ፤ መጽሐፍ ሻጩንም ጨምሬ።

«በይ ንገሪኝ፤ ምንድን ነው ታሪኩ?» አለችና እግሯን አጥፋ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሜሮን እንዴት እንዳላለቀሰች። እናትየዋ በር ላይ እንዴት እንደቆመች። አባትየው ከተቀበረ በኋላ እንዴት እንደተላጨ፤ ይህም ጸሐፊው ወደ ኋላ ሄዶ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ። እኔ በሕይወቴ ይህን ያህል ቃል አንድ ጊዜ ተቀምጬ ተናግሬ አላውቅም። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እንደገና አሞቀችው።

«አባትየው» አልኳት «መልካም ሰው ነበር። ሱፉን በእጁ እየፈተለ ነበር መንገድ የሚሄደው። በጎቹን ደግሞ በሰበካ ጉባኤው አባላት ስም ይጠራቸው ነበር። ወፍራሙን በግ በጉባኤው ሊቀ መንበር ስም። ሊቀ መንበሩ በደጃችን ሲያልፉ በጉን ጠርቶ 'አንተ ሆዳም፣ ከገብሱ ውጣ!' ሲል ሰውየው ዞር ብለው 'እኔን ነው?' አሉት…»

አስካለ ሳቋን ቆም አደረገች። «ይሄ መጽሐፉ ላይ አለ?»

አሰብኩ። ሜሮን የከተማ ልጅ ናት፤ በግ የላትም። የት ላይ ከመጽሐፉ እንደወጣሁ አላወቅኩትም።

«የለም» አልኳት። «ይሄ አባትሽ ነው።»

ትራሱን አቅፋ ተጠጋችኝ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ አላውቅም። መጽሐፉ መምሬ ዘንድ ነው።»

«የመጽሐፉን አይደለም፣ እማዬ» አለችኝ። «የበጉን።»